«በዘራችን የለም»፦ የአፍ ካንሰርና ከወላጅ የሚወረስ ዘረመል

ሐኪም ፊት የተቀመጠ ሰው የካንሰር ስም ሲጠራበት፣ ከድንጋጤው ቀድማ ከአፉ የምታመልጥ አንዲት ቃል አለች፦ «በዘራችን እኮ የለም!» አስታማሚውም አብሮ ይምላል። የእናቱን ወገን፣ የአባቱን ወገን እየቆጠረ ማንም በዚህ በሽታ እንዳልሞተ ይመሰክራል። ሌላው ደግሞ በተቃራኒው ይሟገታል። «አያቴ ጋያውን ሲምግ፣ አረቄውን ሲጨልጥ ኖሮ ዘጠናውን ደፍኖ ነው የሞተው። ትምባሆ ካንሰር ያመጣል የምትሉት እውነት ከሆነ እሱን ለምን አላገኘውም?» ይላል። ሁለቱ ሰዎች የተለያየ ነገር የተናገሩ ቢመስሉም መነሻቸው አንድ ነው። ካንሰር ወይ በዘር ይመጣል ወይ በልማድ፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ነው ብለው ያስባሉ።

የአፍ ካንሰር ይህን ሐሳብ ከሥሩ ያናጋዋል። ላለፉት ሠላሳ ዓመታት የተደረጉትን ምርምሮች አገናኝቶ ላያቸው ሰው ሁለት ነገር ጎልቶ ይታያል። የመጀመሪያው፣ ከወላጅ የምንወርሰው ዘረመል አብዛኛውን ጊዜ በሽታውን ተሸክሞ አይመጣም፤ የልማዱን ዋጋ ነው የሚተምነው። አንዱ በርካሽ የሚያልፈውን መጠጥ ሌላው በውድ እንዲከፍልበት ያደርጋል። ሁለተኛው ደግሞ ለእኔ ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ ነው፤ ከመቶ ሺዎች አንድ ሕፃን ላይ የሚታዩት ብርቅ የዘር በሽታዎችና ሚሊዮኖች ሳያውቁት ይዘዋቸው የሚኖሩት ጥቃቅን የዘረመል ልዩነቶች የሚሄዱት በአንድ መንገድ ነው።

ስለ በሽታው ራሱ ጥቂት ልበል። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ግምት እንደሚያሳየው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ወደ 389,000 የሚጠጉ ሰዎች በከንፈርና በአፍ ካንሰር ተይዘዋል፤ ወደ 188,000 የሚሆኑት ደግሞ ሞተውበታል። የሚነሣው ምላስን፣ ጉንጭን፣ ድድን፣ ላንቃንና ከምላስ ሥር ያለውን ወለል ከለበሰው ስስ ሽፋን ነው። ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም። በምላስ ጎን፣ ከመንጋጋ ጥርስ ትይዩ፣ ሲፋቅ የማይለቅ ነጭ ነቁጥ ይወጣል፤ ወይም እንደ ከፋይ የለሰለሰ ቀይ ቦታ ይታያል። ሰውየው ጥርሴ ነክሶኝ ነው ብሎ በጨው ውኃ ይጉመጠመጣል። ሁለት ሳምንት ያልፋል፤ ሁለት ወር ይሆናል። በጣት ሲዳስሱት ከሥሩ እንደ ጠጠር ጠንክሯል። ሐኪም ቤት የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በኋላ፣ አንገቱ ላይ እብጠት ሲወጣ ወይም መዋጥ ሲያቅተው ነው።

የልማዱ ድርሻ እንደማያከራክር ከወዲሁ መናገር አለብኝ። ኢንሃንስ የተባለው የተመራማሪዎች ኅብረት በአውሮፓና በሁለቱ አሜሪካዎች የተደረጉ ጥናቶችን ደምሮ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ስሌት፣ ከአፍ ካንሰር 64 በመቶ የሚሆነው ከትምባሆና ከአልኮል የመነጨ ነው። ሁለቱ ሲጣመሩ ጉዳታቸው ለየብቻ ከሚያደርሱት ድምር እጅግ ይበልጣል። ይኸው ኅብረት በዚያው ዓመት ሌላ ጥያቄም አንሥቶ ነበር። አባቱ፣ እናቱ፣ ወንድሙ ወይም እኅቱ የአፍ ካንሰርን የሚጨምረው የራስና አንገት ካንሰር የነበረበት ሰው ምን ያህል ይሰጋ? መልሱ ከሌላው ሰው 1.7 እጥፍ ያህል ነው የሚል ሆነ። የአንድ ቤት ሰዎች አንድ ገበታ፣ አንድ መጠጥ፣ አንድ ዓይነት ጭስ ስለሚጋሩ ይህ የዘር ነው ወይስ የቤት ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ልማዱ በስሌት ተቀንሶም ልዩነቱ አልጠፋም። የቤተሰብ ታሪክ ያለበት ሰው ራሱም የሚያጨስና የሚጠጣ ሲሆን ግን ሥጋቱ ወደ ሰባት እጥፍ ገደማ ይወጣል። ዘርና ልማድ ተባዝተው እንደሚሠሩ ያየንበት የመጀመሪያው ምልክት ይህ ነው።

ለምን እንደሚባዙ ከሁሉ በላይ ጥርት አድርጎ የሚያሳየው የአልኮል ታሪክ ስለሆነ እሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

አንድ ብርጭቆ ቢራ ወይም አንድ ብርሌ ጠጅ ሲጠጣ ሰውነት አልኮሉን በሁለት እርምጃ ያስወግደዋል። በመጀመሪያው እርምጃ አንድ ኢንዛይም አልኮሉን አሴታልዲሃይድ ወደሚባል ነገር ይለውጠዋል። በሁለተኛው እርምጃ ሌላ ኢንዛይም አሴታልዲሃይዱን ጉዳት ወደሌለው አሲቴት ይቀይረዋል። ችግሩ ያለው መካከል ላይ ነው። አሴታልዲሃይድ ዲኤንኤ ላይ የሚጣበቅ፣ ክሮቹን እርስ በርስ የሚያቆላልፍ መርዝ ነው። የካንሰር ምርምር ኤጀንሲው ከመጠጥ የሚመነጨውን አሴታልዲሃይድ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ ያስገባው ባለሙያዎቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ባደረጉት ግምገማ ነው። አፍ ውስጥ ደግሞ የባሰ ነው፤ ምላስና ድድ ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎችም አልኮልን ወደ አሴታልዲሃይድ ስለሚለውጡ፣ መርዙ ጉበትን ሳይጠብቅ እዚያው ምራቅ ውስጥ ይመረታል።

ሁለተኛውን እርምጃ የሚያከናውነው ዋና ኢንዛይም ኤኤልዲኤች2 ይባላል። በቻይና፣ በጃፓን፣ በኮሪያና በታይዋን ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ የዚህ ኢንዛይም ዘረመል ላይ አንዲት ፊደል ተለውጣበታለች። በቁጥር 540 ሚሊዮን ያህል ሰው ማለት ነው። አንዲት ፊደል ናት፤ ኢንዛይሙን ግን ታሽመደምደዋለች። ኢንዛይሙ አራት ቁራጮች ተጋጥመው የሚሠሩት ስለሆነ፣ ከአንዱ ወላጅ ብቻ የተበላሸውን የወረሰ ሰው እንኳ ከግማሽ በጣም ያነሰ አቅም ነው የሚቀረው። አራት ሰዎች የያዙትን ቃሬዛ አስቡ። አንዱ ጉልበቱ ቢከዳው ሦስቱም ይንገዳገዳሉ።

የዚህ ልዩነት ባለቤት ገና ግማሽ ብርጭቆ ሲጠጣ ፊቱ ይቀላል፤ ልቡ ይመታል፤ ያቅለሸልሸዋል። ያልተወገደው አሴታልዲሃይድ ደሙ ውስጥ እየዞረ ነው። ምራቁ ሲመረመር በእኩል መጠን ከጠጣ ጤነኛ ኢንዛይም ካለው ሰው ይልቅ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ አሴታልዲሃይድ ይገኝበታል። በጃፓን ዮኮሱካ ከተማ በሚገኘው የኩሪሃማ ሆስፒታል የአልኮል ሱሰኞችን ለዓመታት የተከታተሉት ዶክተር አኪራ ዮኮያማ፣ ይህን ልዩነት ይዘው እየጠጡ የቀጠሉ ሰዎች በጉሮሮ ቧንቧ፣ በጉሮሮና በአፍ ካንሰር በብዛት እንደሚጠቁ ደጋግመው አሳይተዋል። ዘረመል መመርመሪያ በሌለበትም የሚሠራ ዘዴ አበጅተዋል፤ ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው። አንድ ብርጭቆ ቢራ ስትጠጣ ፊትህ ይቀላል? መጠጥ በጀመርክባቸው የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ዓመታትስ ይቀላ ነበር? ሁለተኛዋ ጥያቄ ወሳኝ ናት። ሰው ሲለምድ መቅላቱ ይቀንሳል፤ «ድሮ ነበር፣ አሁን ተላመድኩት» ይላል። የለመደው ስሜቱ ነው፤ ኢንዛይሙ እንደ ድሮው ሽባ ነው፤ መርዙም እንደ ድሮው ይመረታል። ጃፓኖች ሌላም ቀላል ፈተና አላቸው። በአልኮል የራሰ ትንሽ ፋሻ ከክንድ ውስጠኛ ክፍል ላይ ለጥፈው ሰባት ደቂቃ ይጠብቃሉ፤ ከተላጠ በኋላ ቆዳው ቢቀላ ኢንዛይሙ ደካማ ነው ይላሉ።

አሁን ልብ በሉ። የተበላሸውን ዘረመል ከአባትም ከእናትም የወረሱ ሰዎች፣ ማለትም ኢንዛይማቸው ፈጽሞ የማይሠራላቸው፣ ከሁሉ በላይ መታመም የነበረባቸው ይመስላል። ጥናቶችን የደመረ አንድ የ2009 ትንተና ግን የራስና አንገት ካንሰር ሥጋታቸው ከሌላው ሰው በግማሽ ገደማ ዝቅ ብሎ አገኘው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ መጠጣት አይችሉም። አንድ ጉንጭ እንኳ ስለሚያሠቃያቸው መጠጥ ቤት አይደርሱም። የሚጎዱት አንድ ደህና ቅጂና አንድ ብልሹ ቅጂ ይዘው ሕመሙን ችለው የሚጠጡት ናቸው። አንዱ ዘረመል በአንዱ ሰው ላይ ጋሻ፣ በሌላው ላይ ጦር ይሆናል፤ ልዩነቱን የሚያመጣው ብርጭቆው ነው። አልኮል ራሱ ካንሰር አያመጣም፣ አብሮት ያለው ሲጋራ ነው የሚሉ ሰዎች ለረጅም ጊዜ ይከራከሩ ነበር። ሰው ዘረመሉን በምርጫው ስለማይወስድ ይህ ግኝት ማንም ሊያቀናብረው የማይችል የተፈጥሮ ሙከራ ሆነና ክርክሩን አዳከመው።

የመጀመሪያውን እርምጃ የሚያፋጥን ሌላ ልዩነትም አለ። ኤዲኤች1ቢ በተባለው ኢንዛይም ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ አልኮልን ፈጥኖ ወደ አሴታልዲሃይድ ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ2008 ከ3,800 በላይ ሕሙማን ያካተተ ጥናት ይህ ፈጣን ቅርጽ ያላቸው ሰዎች የአፍ፣ የጉሮሮና የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ሥጋታቸው በግማሽ ሊጠጋ በሚችል መጠን የቀነሰ መሆኑን አሳየ። እዚህም መጠጡ ቶሎ ስለሚከብዳቸው የሚጠጡት መጠን ማነሱ አንዱ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ብርቁ በሽታ ልለፍ። ስዊዘርላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ጉይዶ ፋንኮኒ እ.ኤ.አ. በ1927 ደማቸው የነጠፈ ሦስት ወንድማማቾችን ታሪክ ጻፈ። ዛሬ ፋንኮኒ አኒሚያ የሚባለው በሽታ ከሃያ በላይ ከሆኑ ዘረመሎች በአንዱ መሰበር ይመጣል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ ቁመቱ አጭር ይሆናል፤ አውራ ጣቱ ይጎድላል ወይም ቅርጹን ይስታል፤ ቆዳው ላይ ቡናማ ነጥቦች ይታያሉ፤ ቆይቶም መቅኒው ደም ማምረት ያቆማል። በመቅኒ ንቅለ ተከላ ከደም በሽታው የተረፉት ግን ወጣት ሳሉ ሌላ ነገር ይጠብቃቸዋል። አርሊን አወርባክ እ.ኤ.አ. በ1982 በኒው ዮርክ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ባቋቋሙት ዓለም አቀፍ መዝገብ የተመዘገቡ 754 ሕሙማን ታሪክ በ2003 ሲተነተን፣ የራስና አንገት ካንሰር ሥጋታቸው ከሌላው ሰው በብዙ መቶ እጥፍ ከፍ ብሎ ተገኘ። አብዛኛው የሚወጣው አፍ ውስጥ ነው። በሽታው የያዛቸው አማካይ ዕድሜ 31 ነበር። ብዙዎቹ አጭሰው አያውቁም፤ ጠጥተውም አያውቁም።

ፋንኮኒ አኒሚያ እንዲገለጥ ብልሹው ዘረመል ከሁለቱም ወላጆች መወረስ አለበት፤ ከጥቂት ዓይነቶቹ በቀር። በዚህ ምክንያት ዘመዳሞች በሚጋቡበት አካባቢ ይበዛል። ሰባት ቤት ቆጥሮ መጋባት የሚለውን የአገራችንን ልማድ የዘረመል ሊቅ አላወጣውም፤ ከእንዲህ ያለው በሽታ ግን ስንት ሕፃን እንዳዳነ አስባለሁ። ዘር ሳይቆጠር በቀረበት ሁሉ፣ ወይም ማኅበረሰቡ ከጥቂት ቅድመ አያቶች የተስፋፋ በሆነበት፣ ለምሳሌ በአሽኬናዚ አይሁዶችና በደቡብ አፍሪካ አፍሪካነሮች ዘንድ፣ የራሱ የሆነ ብልሽት እየተወረሰ ይኖራል።

የፋንኮኒ ዘረመሎች ሥራ ምንድን ነው? ዲኤንኤ ሁለት ክሮች ያሉት መሰላል ነው። ክሮቹ እርስ በርስ ሲቆላለፉ ሕዋሱ መባዛት ያቅተዋል፤ የፋንኮኒ ቡድን ያንን ቁልፍ ይፈታል። ክሮቹን ማን ይቆልፋቸዋል የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ሳይመለስ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2011 በእንግሊዝ ካምብሪጅ የኬ.ጄ. ፓቴል ቤተ ሙከራ መልሱን አይጦች ላይ አገኘው። ተመራማሪዎቹ አንድ የፋንኮኒ ዘረመልና ያንኑ ኤኤልዲኤች2ን አንድ ላይ ያሰናከሉባቸውን አይጦች ሲያጠኑ፣ ሁለቱ የጎደሉባቸው ግልገሎች በማሕፀን ሳሉ ለአልኮል ሲጋለጡ አልተረፉም፤ ከተወለዱት ብዙዎቹም ወደ ደም ካንሰር አመሩ። አሴታልዲሃይድና መሰሎቹ ክሮቹን ይቆልፋሉ፤ ኤኤልዲኤች2 መርዙን ክሮቹ ጋር ከመድረሱ በፊት ይጠርጋል፤ ፋንኮኒ ያመለጠው ያደረሰውን ይጠግናል። ከሁለት ዓመት በኋላ ጃፓን ውስጥ ፋንኮኒ አኒሚያ ያለባቸው ሕፃናት ሲጠኑ፣ ብልሹውን ኤኤልዲኤች2 ጨምረው የወረሱት መቅኒያቸው በጣም ቶሎ እንደሚነጥፍ ታየ።

ይህን ሳነብ ለረጅም ጊዜ ቆም ብዬ አሰብኩ። በቶኪዮ መጠጥ ቤት ፊቱ የቀላው ሠራተኛና በኒው ዮርክ ሆስፒታል ምላሱ ላይ ነጭ ነቁጥ የወጣበት ወጣት አንድ መርዝ ነው የሚጎዳቸው። አንዱ ጠራጊውን አጥቷል፤ ሌላው ጠጋኙን።

ሁለተኛው መንገድ ቴሎሜር ነው። ክሮሞዞም እንደ ጫማ ማሰሪያ ጫፉ እንዳይተረተር መከታ አለው፤ ሕዋስ በተባዛ ቁጥር ይህ መከታ ያጥራል። ዲስኬራቶሲስ ኮንጀኒታ የሚባል ብርቅ የዘር በሽታ ላይ መከታውን የሚያድስ ሥርዓት ይሰናከላል። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ ጥፍር ይሳሳል፣ አንገትና ደረት ላይ መረብ የመሰለ ጥቁረት ይወጣል፣ አፍ ውስጥ ነጭ ንጣፍ ይዘረጋል። የምላስ ካንሰር በእነዚህ ሰዎች ላይ የሚደርስበት መጠን ከሌላው ሰው ከሺህ እጥፍ በላይ ሆኖ ተቆጥሯል። ቴርት የተባለው ዘረመል ከሚሰበሩት አንዱ ነው። ይህንን ስም አስታውሱት፤ ቆይቶ ይመለሳል።

ከዚህ ወደ ሰፊው ሕዝብ ስንመለስ ምርምሩ ለብዙ ዓመታት ጭጋግ ውስጥ ነበር። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ተመራማሪዎች አንድ አንድ ዘረመል እየመረጡ መቶ ሁለት መቶ ሕሙማንን ከጤነኞች ጋር ያነጻጽሩ ነበር። የትምባሆን መርዝ የሚያስወግደው ጂኤስቲኤም1 ዋነኛው ተመራጭ ሆኖ ቆየ፤ በአውሮፓ ግማሽ ያህሉ ሰው ይህን ዘረመል ፈጽሞ የለውም። አንዱ ጥናት መጉደሉ ሥጋት ይጨምራል አለ፤ ሌላው አይጨምርም አለ፤ ጥናቶቹ ሲደመሩ የቀረው ልዩነት ትንሽ ሆነ። የተጠናው ሰው ቁጥር አነስተኛ ሲሆን አጋጣሚ እውነት መስሎ ይወጣል፤ ምንም አላገኘንም የሚል ጽሑፍ ደግሞ መጽሔት አይቀበለውም። ስለ ሌሎች ዘረመሎች፣ ስለ ኤክስአርሲሲ1ና ስለ ሲዋይፒ1ኤ1፣ የተጻፈው ብዛቱ መደርደሪያ ይሞላል፤ ከውስጡ ዛሬ የሚያስተማምን ነገር የሚገኘው በጣት የሚቆጠር ነው።

ጭጋጉን ያሳሳው መላውን ዘረመል በአንድ ጊዜ የሚያስስ ጥናት ነው። በዚህ ዘዴ ማንም አስቀድሞ ተጠርጣሪ አይመርጥም፤ መቶ ሺዎች ቦታዎች በሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ ይነጻጸራሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ትልቁ እንዲህ ያለ ጥናት ከአውሮፓ፣ ከሰሜንና ከደቡብ አሜሪካ 6,034 የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ሕሙማንን ከ6,585 ጤነኞች ጋር አነጻጸረ። የአፍ ካንሰርን በተመለከተ ካወጣቸው ቦታዎች አንዱ አምስተኛው ክሮሞዞም ላይ፣ ቴርት የሚገኝበት ሠፈር ነው። ሲሰበር ነጭ ንጣፍ የሚዘረጋው ያው ዘረመል ነው፤ በአጠገቡ ያለች ትንሽ ልዩነት ደግሞ በብዙ ሰዎች ላይ ሥጋትን በጥቂቱ ከፍ ዝቅ ታደርጋለች። ብርቁና ተራው እንደገና በአንድ መንገድ ተገናኙ። እነዚህ ተራ ልዩነቶች እያንዳንዳቸው የሚጨምሩት ጥቂት ነው። ለየብቻቸው ሲጋራ የሚያደርሰውን አይተካከሉም።

ያው ጥናት ከአፍ ወደ ኋላ፣ ወደ ቶንሲልና ወደ ምላስ ሥር ሲዘልቅ የተለየ ነገር አገኘ። በዚህ አካባቢ ካንሰሩን ብዙ ጊዜ የሚያመጣው የማሕፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ያው ኤችፒቪ ቫይረስ ነው። ስድስተኛው ክሮሞዞም ላይ ሰውነት ባዕድ ነገርን የሚለይባቸው ኤችኤልኤ የተባሉ ዘረመሎች አሉ፤ ከእነሱ አንድ ጥምረት የወረሱ ሰዎች ቫይረሱ ከሚያመጣው የጉሮሮ ካንሰር በእጅጉ የተጠበቁ ሆነው ተገኙ። ያው ጥምረት ከማሕፀን በር ካንሰርም እንደሚከላከል አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት የጀመረችው ክትባት ይህን ጥምረት ያልወረሰችውንም ልጅ ከዚህ ቫይረስ ይጠብቃል።

የእስያ አህጉር ደቡባዊ ክፍል የራሱ ታሪክ አለው። በሕንድ፣ በፓኪስታንና በባንግላዴሽ የአሬካ ፍሬ በቅጠል ተጠቅልሎ፣ ብዙ ጊዜም ከትምባሆ ጋር ይታኘካል። የካንሰር ምርምር ኤጀንሲው እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው ግምገማ ፍሬው ያለ ትምባሆም ካንሰር እንደሚያመጣ ወሰነ። ከካንሰሩ በፊት ጉንጭ ይደርቃል፤ አፍ ሁለት ጣት እንኳ አላስገባ ይላል። አፉ ለጉርሻ የማይከፈት ሰው እንዴት እንደሚኖር አስቡት። በጎረቤታችን ሱዳን ከንፈር ሥር የሚደረገው ቶምባክ በመርዝ ብዛቱ የታወቀ ነው። ጫት የሚቅሙ ሰዎች ደግሞ ብዙዎቹ አብረው ሲጋራ ስለሚያጨሱ የጫቱን ድርሻ ለይቶ ማውጣት አስቸጋሪ ነው። እንዲህ ባሉ ልማዶች ላይ ዘረመል የሚጫወተው ሚና የተጠናው ከአልኮሉ ጋር ሲወዳደር በጥቂቱ ነው፤ ይህም ያሳዝነኛል፤ በሽታው የሚበዛው እዚያ ነውና።

ስለ እኛስ? በኢትዮጵያ ማጨስ ከብዙ አገሮች ያነሰ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከ100 አዋቂዎች ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 ያህል ነበሩ። ፊትን የሚያቀላው የምሥራቅ እስያ ልዩነት ከዚያ አካባቢ ውጭ የለም ማለት ይቻላል። ይህ ማለት ግን እኛ የራሳችን ልዩነት የለንም ማለት አይደለም። በስዊድን ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ፕሮፌሰር እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጡት ጥናት፣ ካጠኗቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለው መድኃኒት የሚለውጥ ኢንዛይም ዘረመሉ ተባዝቶ እንዳላቸው አሳየ። በሰሜን አውሮፓ ይህ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ላይ ብቻ ነው የሚታየው። ይህ ልዩነት ካንሰሩን አያመጣም፤ ሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ግን ይደርሳል። ኮዴይን የሚያስታግሰው በዚህ ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ሲለወጥ ስለሆነ፣ ዘረመሉ የተባዛለት ሰው በተለመደው መጠን ከመጠን ያለፈ ሞርፊን ሊያመነጭ ይችላል። ትራማዶልም በዚሁ መንገድ ያልፋል። ምላሱ ታክሞ በሥቃይ ላይ ያለ ኢትዮጵያዊ፣ በአዲስ አበባም ይሁን በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ፣ ክኒኑ ከታዘዘለት በኋላ እንቅልፍ ካበዛና ትንፋሹ ከከበደ አስታማሚው «ደክሞት ነው» ብሎ ዝም እንዳይል ይህን ማወቅ አለበት።

በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ምራቃቸውን በብልቃጥ አድርገው በፖስታ እየላኩ የዘር ውጤት ይቀበላሉ፤ አንዳንዶቹም ለካንሰር የሚሰጣቸውን ነጥብ እንደ ፍርድ ያነቡታል። ከላይ የጠቀስኳቸው የተራ ልዩነቶች ዝርዝሮች በአብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ የተሠሩ ናቸው፤ ሌላ ሕዝብ ላይ ሲጫኑ ይዛነፋሉ። ለአፍ ካንሰር ዝቅ ያለ ነጥብ አግኝቶ ሲጋራውን የሚቀጥል ሰው ወረቀቱ አታልሎታል።

ዘረመል በእርግጥ ሕክምናውን የሚለውጥበት ጊዜ ግን አለ፤ እሱንም የጥርስ ሐኪምና የጤና መኮንን ሁሉ ቢያውቁት እወዳለሁ። አጭሶም ጠጥቶም የማያውቅ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ምላሱ ላይ ካንሰር ይዞት ይመጣል። ካንሰሩ ሲስፋፋ ብዙ ጊዜ ከጨረር ጋር የሚታዘዘው መድኃኒት ሲስፕላቲን ነው። ሲስፕላቲን የሚገድለው የዲኤንኤን ክሮች በመቆለፍ ነው፤ ወጣቱ ሳይታወቅ የቀረ ፋንኮኒ አኒሚያ ካለበት ሰውነቱ ያንን ቁልፍ መፍታት አይችልም፤ ተራው መጠን ሊገድለው ይችላል። ጨረሩም ከሌላው ሰው በበለጠ ያቆስለዋል። በዚህ ምክንያት በቀዶ ሕክምና የሚወጣው ሁሉ አስቀድሞ እንዲወጣ ይመከራል። ምርመራው የታወቀ ነው፤ ከደሙ የተወሰዱ ሕዋሳት ላይ ክሮችን የሚቆልፍ ኬሚካል ይደረግና ክሮሞዞሞቹ ምን ያህል እንደሚሰባበሩ በማይክሮስኮፕ ይቆጠራል። ከዚያ በፊት ግን ሐኪሙ መጠየቅ አለበት። በልጅነትህ ደም ማነስ ነበረብህ? ከወንድሞችህ ታጥራለህ? እጅህን እስቲ አሳየኝ። የአውራ ጣቱን ቅርጽ ያስተዋለ ሐኪም ሲስፕላቲኑን ከማዘዙ በፊት ደሙን ወደ ክሮሞዞም ምርመራ ይልካል።